የገመዱ ሹም

ከአሰበ ተፈሪ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሊል የሚባል የኬላ ዘበኛ ነበር። ሥራው ገመድ ማውረድና መስቀል ነው። ጅብ እንኳ ያለ ይለፍ ወረቀት አላሳልፍም፣ አንዱን ብመልሰው በነጋታው አስፈርሞ መጣ ይላል። ይህን ሁሉ የሚሰሙት ግን ገመዱና አላፊ ሾፌሮች ብቻ ናቸው። በቀን ሁለት መኪና ካለፈ ገበያው ደርቷል።

ክፍለ ሀገሩ ተሸንሽኖ አስተዳደር አካባቢ በተባለበት ዓመት ልጁ ዙለይኻ ገለምሶ ላይ ልትዳር ሆነ። ኒካሕ፣ የእስልምናው የጋብቻ ውል፣ ሲታሰር "ድሬያታለሁ" የሚለው አባት ነው፤ ካልቻለ የወከለው ሰው ይላል። ለከሊል ግን ያቺ አንዲት ቃል የዕድሜው ድርሻ ነበረች።

የሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቆ ማመልከቻውን በሾፌር ላከ። ወረዳው ኬላ የአውራጃ ነው አለ። አውራጃው የአዲሱ አስተዳደር አካባቢ ነው አለ። አዲሱ መሥሪያ ቤት ወንበር እንኳ አልገባለትም፤ ጸሐፊው ቆሞ "የማዕከል ሥልጣን ነው፣ ለአዲስ አበባ ጽፈናል" ብሎ መለሰ። ማመልከቻው አራት ማኅተም አርፎበት ከሙሽራዋ በላይ ተኳኩሎ ተመለሰ። ፈቃድ ግን የለበትም። ጥሎ እንዳይሄድ፣ ከእሱ በፊት የነበረው ዘበኛ ለለቅሶ አንድ ቀን ቢጠፋ ስድስት ወር ታስሯል።

የኒካሑ ዕለት ሐሙስ ጠዋት በዚያ መንገድ የሚመላለሰው ሾፌር ታጁዲን ከሚኤሶ ጨው ጭኖ ደረሰ።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባ ዙለይኻ። ዛሬም እዚህ ነዎት?"

"ፈቃዴ ከአዲስ አበባ በእግሯ እየመጣች ነው መሰለኝ።"

"ይግቡና እንሂድ። ማን ያያል?"

"ያንን የታሰረውንም ዘበኛ ማንም አላየውም ነበር።"

ከሊል ገመዱን እንደያዘ የጨው ጭነቱ ላይ የተቀመጡትን ሁለት ነጋዴዎች ጠርቶ አስወረደ።

"ምስክር ሁኑኝ። ልጄን ዙለይኻን እንዲድርልኝ ታጁዲንን ወክዬዋለሁ።"

"ያለ ማኅተም?" አለ ታጁዲን፣ ሊያስቀው።

"ይቺ ሥልጣን የኔ ናት። ማንንም አልጠይቅባትም።"

ገመዱን አወረደ። መኪናው አለፈ። መልሶ ሰቀለው፤ አቧራው እስኪጠፋም ቆሞ አየ።

ቅዳሜ ታጁዲን በወረቀት የተጠቀለለ ሐልዋ፣ የሠርጉን ጣፋጭ፣ ይዞለት ተመለሰ።

"እንዴት ነበረች?"

"ተከናንባ ነበር፣ ፊቷን አላየሁም። ፈቃዷን ስጠይቃት 'አባቴስ?' አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"ጅብ እየፈተሸ ነው አልኳት።"

"ሳቀች?"

ታጁዲን ሞተሩን አስነሳ።

"ገመዱን ያውርዱልኝ እንጂ፣ አባ ዙለይኻ።"

ከሊል አወረደለት። ሐልዋውን ኪሱ ከትቶ መልሶ ሰቀለው።