ስኳር ተገኘባት

ስኳር የሯጭ ጠላት መሆኑ የታወጀልን በ1973 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በትምህርት ቤታችን ሜዳ ነው። ያወጀው ጓድ ወልደማርያም ይባላል። ምሥራቅ ጀርመን ስድስት ወር የአሠልጣኝነት ኮርስ ወስዶ ሲመለስ አምስቱን ሴት ሯጮቻችንን አስረከቡት። አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ፣ በእጁ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ሳካሪን ይዞ መጣ።

«ስኳር ስብ ይሆናል፤ ስብ ደግሞ ጭነት ነው» አለ። ከምስር ያነሰች ነጭ እንክብል በሁለት ጣቱ ይዞ ከፍ አደረገ። «ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቡድን ሻይ የሚጣፍጠው በዚህች ነው። አንዷ አንድ ማንኪያ ስኳር ታህላለች፤ ውስጧ ግን ምንም የለም።»

«ምንም ከሌላት ለምን ይበሏታል?» አልኩት።

«ጓድ ዘነበች፣ ይኼ ሳይንስ ነው።»

«እኔስ እዚህ የማስተምረው ምን መሰለህ፣ ጥልፍ?»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። የባዮሎጂ መምህርት መሆኔን ያውቃል፤ ግን ጀርመን አልሄድኩም።

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስል፣ ምን እንደተያዘ ልናገር። ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን የክፍለ ሀገር ውድድር ነበረ። በሦስት ሺህ ሜትር ከአንድ እስከ ሦስት የወጣች አዲስ አበባ ክለብ ትገባለች፤ ደመወዝና የማታ ትምህርት ታገኛለች። ከሞስኮ ወርቅ ከመጣ ወዲህ አገሩ በሙሉ ሯጭ ፈላጊ ሆኖ ነበር። ከአምስቱ ፈጣኗ ራቢዓ ሷሊሕ ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ የቀወት ገበሬ ልጅ። አባቷ ሞቷል። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ እሷን የሚያስተምር ሰውም ገንዘብም አልነበረም። ያለቻት መንገድ አንዲት ናት፤ እሷም በሩጫ የምትገኝ።

እኔ ሳካሪንን አልጠላም። ስኳር ያለበት ሰው ሻዩን ሳይመርረው እንዲጠጣ የተሠራ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን በቀን ሁለት ጊዜ በሮቢት ፀሐይ የምትሮጥ ልጅ ከሆዷ የሚነድ ማገዶ ያስፈልጋታል። እንክብሏ ምላስን ታታልላለች፤ እግርን ማን ያታልላል? ይኼን ሦስት ጊዜ ነገርኩት። ሦስቴም ያው አንድ መልስ ሰጠኝ፤ «ሳይንስ ነው።» እንጀራቸውንም በግማሽ ቀነሰው። ልጆቹ በአንድ ክፍል ውስጥ ካምፕ ገብተው ስለነበር የሚበሉት እሱ የፈቀደውን ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በገበሬ ማኅበሩ የእህል ሚዛን ላይ ያወጣቸውና ክብደታቸው በቀነሰ ቁጥር ያጨበጭባል። ማሽላ እንኳ እዚያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሲከብድ ነው የሚወደደው!

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ራቢዓ ከረጅሙ ሩጫ ስትመለስ የሮቢ ድልድይ ላይ ወደቀች። ስደርስ ከንፈሯ ነጥቷል። እናቷ ሐቢባ ከማሳዋ አንድ ክንድ ሙሉ ጥንቅሽ ታቅፋ እየሮጠች መጣች። ጥንቅሽ አገዳው የሚጣፍጥ የማሽላ ዘር ነው፤ በጥቅምት ቆላው ሁሉ እሱን ያኝካል።

«ልጄን ሰጠኋችሁ እንጂ መች ሸጥኩላችሁ!» እያለች አገዳውን በጥርሷ ትልጠው ጀመር። «ያረቢ! ይኼ የሰው ወገብ ነው? እንካችሁ እዩት! እኔ ስሰጣችሁ እንዲህ ነበረች?»

ራቢዓ ሦስት አንጓ እንዳኘከች የፊቷ ወዝ ተመለሰ። ያን ጊዜ ጓድ ወልደማርያም ደረሰ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጥንቅሽ ነው» አለችው ሐቢባ። «ጀርመን የለም?»

«ስኳር ነው እኮ!»

«አልሐምዱሊላህ! እኔ ማሽላ የምዘራ መስሎኝ፣ ለካ የስኳር ፋብሪካ አለኝ።»

በማግስቱ ጥንቅሽም ተከለከለ። እኔም ቤቴ ሄጄ በኩፖን ከቀበሌ ሱቅ ያገኘሁትን የወር ስኳሬን ለሁለት ከፈልኩና ግማሽ ኪሎውን በደብተር ወረቀት ጠቅልዬ ለራቢዓ ሰጠኋት። ከሩጫ በፊትና በኋላ ሁለት ሁለት ማንኪያ ውኃ ውስጥ በጥብጠሽ፣ ትንሽ ጨውና ሎሚ ጨምረሽ ጠጪ አልኳት። በስድስት ቀን ውስጥ ሰዓቷ በአሥራ አራት ሴኮንድ ተሻሻለ። ሰውየው ሰዓት መያዣውን ለትምህርት ቤቱ ስፖርት ኮሚቴ እያሳየ «አያችሁ ሳካሪን!» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ንዴቴን ዋጥኩት። ዛሬ ሳስበው ያን ቀን መናገር ነበረብኝ።

ቅዳሜ ሻንጣ ተፈተሸ። ስኳሩ ተያዘ። ራቢዓን ማን እንደሰጣት ቢጠይቋት ቢጠይቋት አልተናገረችም። ሰኞ ጓድ ወልደማርያም ለአውራጃ የላከው ደብዳቤ ግልባጭ ትምህርት ቤታችን ደረሰ። እንዲህ ይላል፦ «ሯጭ ራቢዓ ሷሊሕ ስኳር ስለተገኘባት ከቡድኑ ተሰርዛለች።» በቃ፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሰው ጽሑፍ ማረም ሥራዬ ነው፤ ያን ቀን ሥራዬን አልሠራሁም።

ወሬው ከፖስታው ቀድሞ ቀወት ገባ። ሴቶቹ ለስኳር በሽታ ይበጃል የሚባለውን አብሽ በጨርቅ እየቋጠሩ ሐቢባ ደጅ ይሰበሰቡ ጀመር።

«አላህ ያሽራት። በዚህ ዕድሜዋ!»

«ልጄ ስኳር የለባትም!»

«ተገኘባት ተብሎ ተጽፏል እኮ።»

«የተገኘው ከሻንጣዋ ነው፣ ወላሂ ከሻንጣዋ!»

«አይዞሽ እህቴ» አለቻት አንዷ። «መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንዲህ ይላል።»

ሐሙስ ጠዋት አንዲት ላንድሮቨር ትምህርት ቤታችን ግቢ ቆመች። የአውራጃው ተወካይ ጓድ ተሰማ ወረደ፤ ከኋላው የሽንት መመርመሪያ ሣጥን የያዘ የጤና ረዳት። ተወካዩ ሽበታም፣ ትዕግሥተኛና ሥርዓት አክባሪ ሰው ነው።

«ታማሚዋ የታለች?» አለ።

ጓድ ወልደማርያም ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ። ጤና ረዳቱ ልጅቷን ወስዶ መረመራትና ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። «ንጹሕ ናት። ስኳር የሚባል የለባትም። እንዲያውም ምግብ ጎድሏታል።»

«ታዲያ የተገኘባት የምን ስኳር ነው?»

አሠልጣኙ ገብቶ ማስረጃውን አመጣ። ተወካዩ የደብተር ወረቀቱን ፈትቶ አየና በጣቱ ነካ አድርጎ ቀመሰው።

«ለዚች ነው ከአውራጃ ሐኪም ያስጫንከኝ?»

«ጓድ፣ ዲሲፕሊን ነው!»

«ዲሲፕሊንስ ይሁን። አማርኛ ግን ተማር።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሥርዓት ግን ሥርዓት ነውና ጓድ ተሰማ ጉዳዩን እንዲሁ አልተወውም። መመሪያ ተጥሷል፤ ልጅቷ በቡድኑ ፊት ግለ ሂስ ታድርግና ትመለስ አለ። በዚያን ዘመን ግለ ሂስ ማለት ሰው ፊት ቆሞ ራስን መክሰስ ነው። ስንቱ ያላጠፋውን ተናዞበታል። ሁላችንም አንድ ክፍል ገብተን ተቀመጥን። አሠልጣኙ ወደ ራቢዓ ጠጋ ብሎ፣ «ስኳር ጠላቴ ነው፣ ተሳስቻለሁ በይ። ሌላ ነገር አትጨምሪ» አላት።

የምጽፈው እውነት ከሆነ ይኼንንም መጻፍ አለብኝ። እኔም እጇን ያዝ አድርጌ፣ «ሁለት ቃል ናት፤ በያትና ደብረ ብርሃን ሂጂ» አልኳት።

አየችኝ። «እርስዎም፣ እትዬ?»

 ከክፍሉ ፊት ወጥታ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆመች። 

«ጥፋት አለብኝ» አለች። ጓድ ወልደማርያም ራሱን ነቀነቀላት። «ስኳሩን ደብቄ ነው የበላሁት። የሰረቅኩት ይመስል ከልብሴ ሥር ደበቅኩት። መደበቅ አልነበረብኝም። ድልድዩ ላይ የወደቅኩት ርቦኝ ነው፤ ሰዓቴ የተሻሻለው ስለበላሁ ነው። ጓድ አሠልጣኝ በሳካሪን ነው ሲሉ ሰምቼ ዝም አልኩ፤ እዚያ ላይ ዋሽቻለሁ። ከእንግዲህ ግን በግልጽ እበላለሁ።»

ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋው ማስረጃ በሦስት ጣቷ ቆነጠረችና ሁላችንም እያየናት አፏ ውስጥ ጨመረች። ስታላምጥ ይሰማል።

«ይኼ ግለ ሂስ አይደለም!» ብሎ ጮኸ ወልደማርያም። «ዐመፅ ነው! ጓድ ተሰማ፣ ትሰረዝ!»

ተወካዩ አፉን ከመክፈቱ በፊት ከኋላ ወንበር ሌላዋ ሯጭ የሺ ተነሣች።

«እኔም ግለ ሂስ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚዛን ወርጄ ጥንቅሽ እበላለሁ። ሚዛኑ ላይ ከመውጣቴ በፊት አልበላም፤ እሱን ለዲሲፕሊን ብላችሁ ያዙልኝ።»

ወርቅነሽ ተነሣች። «እኔ ማር። እናቴ በጠርሙስ ታመጣልኛለች።»

ሩቂያ ተነሣች። «እኔ ቴምር። ኮንትሮባንድ ነው መሰለኝ፣ ጓድ ይቅርታ።»

መጨረሻ ላይ የቀረችው ሸዋዬ ናት፤ ከሁሉም ዝምተኛዋ። «እኔ እንክብሏን አንድ ቀን ሻይ ውስጥ ጨምሬ አላውቅም። ለአያቴ ነው የምልክላት። እሷ የእውነት ስኳር አለባት። ጓድ አሠልጣኝን እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ ብላለች።»

ጤና ረዳቱ ሣጥኑን ታቅፎ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር። አሠልጣኙ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«እሺ! ስኳሩን የሰጣት ማን ነው? ያንን ይናገሩ! የመንግሥት ኮታ ነው። ልጅን ዲሲፕሊን የሚያስጥስ ሰው መታወቅ አለበት!»

ራቢዓ ጥርሷን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። በሰባት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ለተማሪዎቼ «የሚያውቅ ሰው እጁን ያውጣ» ያልኩት ስንት ጊዜ ነው! እጄን አወጣሁ።

«እኔ ነኝ። ኩፖኑ የኔ፣ ስኳሩ የኔ፣ ምክሩም የኔ። የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ልጅ ስትከሳ እያየሁ ሁለት ሳምንት ከመከራከር በቀር ምንም አላደረግሁም፤ ጥፋቴ እሱ ነው። አሁን ደግሞ አጎንብሰሽ እለፊ አልኳት። የባሰው ጥፋት እሱ ነው። ጻፉት።»

ጓድ ተሰማ አልጻፈውም። መነጽሩን አውልቆ በእጅጌው ወለወለና ወደ አሠልጣኙ ዞረ።

«ጓድ ወልደማርያም፣ ግለ ሂስ ያላደረግህ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።»

ሰውየው ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። «ኮርሱ ላይ...» ብሎ ጀመረ። ክፍሉ በሙሉ ጠበቀው። «ኮርሱ ላይ የተነገረን... ከመጠን በላይ ለወፈሩ ሰዎች ነበር መሰለኝ» አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

«እዚህ ከመጠን በላይ የወፈረ አየህ?»

 ጓድ ተሰማ ቦርሳውን ከፍቶ የደብረ ብርሃንን የስም ዝርዝር አወጣ። በቀይ የተሰረዘው ስም ከላይ ሆኖ ይታያል። ጤና ረዳቱ ያለውን በጎን ጻፈበት፣ ፈረመ፣ ከዚያም ከሰሌዳው ሥር ያልተነቃነቀችውን ልጅ ቀና ብሎ አያት።

«ስምሽን ራስሽ መልሰሽ ጻፊው» አለና ብዕሩን ዘረጋላት።

ራቢዓ ጣቷን ከቀሚሷ ላይ ጠርጋ ብዕሩን ተቀበለች። ከተሰረዘው በላይ በትልልቅ ፊደል ጻፈችው።