ለእኔ ስትል የተሻላት

ታናሽ እህቴን ዳግመኛ የጣልኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚያወራብኝ ራሴው ልናገረው።

አንድ የውበት ሳሎን ጓዳ ውስጥ ማሳጅ እሠራለሁ፤ የአበባና የቅጠል ዘይት እቀምማለሁ። ላቬንደር፣ ብርቱካን፣ ናና፤ ለራስ ምታት፣ ለእንቅልፍ፣ ሆዱ ለባባ ሰው። ሰው ተጨናንቆ ይገባል፣ ፈታ ብሎ ይወጣል። አሥራ አንድ ዓመት ይሄንን ሳይ ኖሬ ልቤ አበጠ። ሐኪም ደግሞ ምን ያውቃል ማለት ጀመርኩ።

እህቴ ማተሚያ ቤት አራሚ ናት። የሰው ስህተት ስትለቅም ትውላለች፤ ስለ ራሷ ግን ትንፍሽ አትልም። የዛሬ ሁለት ዓመት ድብርት ጥሏት፣ ሐኪሙ ኪኒን አዞላት፣ በስንት መከራ ተነሳች። እኔ መቼ አርፌ! አወፈረሽ፣ አፍሽን አደረቀው፣ እንቅልፋም አደረገሽ እያልኩ ነጋ ጠባ ነዘነዝኳት።

«ዕድሜ ልክሽን ኪኒን ስትቅሚ ልትኖሪ ነው? እኔ እያለሁልሽ?»

«ሐኪሙ በራስሽ እንዳታቋርጪ ብሎኛል እኮ፣ እትዬ።»

«ያሳደገሽ ሐኪሙ ነው ወይስ እኔ?»

እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እንዲህ ካልኳት መልስ እንደማይኖራት አውቃለሁ፤ አውቄ ነው ያልኳት። ኪኒኑን ከመሳቢያዋ አውጥቼ በገዛ እጄ ጣልኩት። በምትኩ ጠዋትና ማታ ጥጥ ላይ ዘይት ጠብ እያደረግሁ እንድታሸተው እሰጣት ጀመር።

በሳምንቱ «እንዴት ነሽ?» ስላት «ቀለል ብሎኛል» አለች። በወሩ «ኧረ ድኛለሁ!» አለችኝ። እኔማ መሬት አልበቃኝ አለ። ለደንበኛው ሁሉ «እህቴን እዩዋት» ማለት ሆነ ሥራዬ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎን እየጠራሁ አስመሰክራታለሁ። ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ፈገግ ትላለች።

እኛ ሳሎን ሁሉም ነገር ከትልልቅ ጀሪካን ወደ አንድ ዓይነት ቡናማ ጠርሙስ ይገለበጣል። ስም የሚጽፍበት የለም፤ በቦታውና በጠረኑ ነው የምንለየው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አፍንጫዬ ደንዝዞ ምንም አይሸተኝም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እንደ እህቴ ኪኒን የምትወስድ የባንክ ሠራተኛ ስለ ዘይቱ ልትጠይቀኝ መጣች። ኮራ ብዬ ጥጡን ነከርኩና ለእህቴ አቀበልኳት። አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ሳበችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ውስጥ ድረስ ነው የሚገባው» አለች። «ላቬንደሩ ደስ ሲል!»

የባንክ ሠራተኛዋ ተቀብላ ገና ስታሸተው ወደ ኋላ አለች። «ውይ! ይሄማ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው!»

ሳሎኑ በሳቅ አውካካ። ሴትየዋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ እሷስ ተረፈች።

ጅል አይደለሁም፣ ያኔውኑ ገብቶኛል። ማስለቀቂያ አሽትታ ደስ ይላል ያለች ልጅ፣ ድኛለሁ ያለችውም ለማን ብላ እንደሆነ ገብቶኛል። የተሰማኝ ግን ንዴት ነው። ቤት ስንደርስ ጮህኩባት።

«አዋረድሽኝ! ለመሆኑ አልሸተተሽም?»

«ሸቶኛል።»

«ታዲያ?»

«ሰው ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነው።»

ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አልጠየቅኳትም። መልሱን ፈርቼ ነው። በማግስቱም ጥጡን ነክሬ ሰጠኋት፤ ተቀብላ አሸተተች።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የማተሚያ ቤቱ አለቃ ስልክ ደወለ። «እህትሽ አልተሻላትም እንዴ? ሥራ ከቀረች እኮ ሦስት ሳምንቷ ነው።» ክው አልኩ። ያን ቀን ጠዋት ምሳዋን ራሴ ቋጥሬላት፣ «ደህና ዋይ» ብላኝ ወጥታለች።

ስፈልጋት ቆይቼ አውቶቡስ መናኸሪያ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘኋት። ምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ክዳኑ አልተነካም። ቀሚሷን ገልብጣ ለብሳዋለች፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ የማታልፍ ልጅ!

«ተነሺ፣ ቤት እንሂድ።»

«መነሳት አቃተኝ፣ እትዬ። ከጠዋት ጀምሮ እየሞከርኩ ነው።»

ደግፌ ታክሲ ውስጥ አስገባኋትና ሐኪሙ ጋ ወሰድኳት። ካርዷን ገልጦ አየና መነጽሩን አወለቀ።

«መድኃኒቱን ማን አቋርጪ አለሽ?»

ልናገር ነበር። በእግዜር ስም፣ አፌን ከፍቼ ነበር። እህቴ ግን ቀደመችኝ፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ማንም አላለኝም። ራሴ ነኝ ያቋረጥኩት።»

ሐኪሙ ተቆጣት። እንደ ሕፃን ልጅ ተቆጣት። በራስሽ ላይ ጨከንሽ፣ የሁለት ዓመት ልፋት ገደል ከተትሽ፣ አሁን ከዜሮ ልንጀምር ነው፣ እንደ በፊቱ ለመሆንሽም ዋስትና የለኝም አላት። አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ» እያለች ሰማችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ለስለስ አደረገ።

«ደግነቱ እንዳንቺ ያለች እህት አለቻት። ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒቷን አንቺ ያዥላት።»

«እሺ፣ ዶክተር» አልኩ።