አሳዳጁ ፀጉር አስተካካይ

ፀጉር አስተካካዩ እስከ አርባ ስድስት ዓመቱ ድረስ ሮጦ አያውቅም። አውቶቡስ ቢያመልጠው ቀጣዩን ይጠብቃል እንጂ እግሩን አያፈጥንም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት ወንበርና አንድ ረጅም መስታወት ባላት ጠባብ ፀጉር ቤቱ ቆሞ ሲሠራ ኖሯል። ከዚያ ሁሉ ዓመት ያተረፈው ጥሩ ስም፣ መቆም የማይሰለቸው እግርና ሸሚዙን የወጠረ ቦርጭ ነበር።

ያስሮጠው አንድ ደንበኛ ነው። የሰውየው ራስ በግራ በኩል ተስተካክሎ ቀኙ ገና እንደጎፈረ ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች። ከወንበሩ ተስፈንጥሮ፣ የአንገት ጨርቁን እንዳሰረ በሩን በርግዶ ወጣ። መነጽሩ ግን መስታወቱ ሥር ቀረ። ያለ መነጽር ደግሞ እንኳን አራስ ልጅ፣ የሆስፒታሉን በርም ለይቶ አያይም።

“አንተ! መነጽርህን!” እያለ ፀጉር አስተካካዩ ተከተለው።

ሰውየው የሚሰማ አልሆነም። ከፊት ግማሽ ራሱ የጎፈረ ሰው ጨርቁን እያርገበገበ፣ ከኋላ ማበጠሪያ ኪሱ ውስጥ የሰካ ባለቦርጭ፤ ገበያውን ሰነጠቁት፣ ድልድዩን ተሻገሩ። መንገደኛው ሌባ የሚባረር መስሎት “ያዘው! ያዘው!” አለ። ፀጉር አስተካካዩ ሦስት ኪሎ ሜትር ሮጦ ሰውየው ላይ ሆስፒታሉ በር ላይ ደረሰበት። መነጽሩን ሰጥቶ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ዘጭ አለ። ልቡ በአፉ ልትወጣ ምንም አልቀራት። ግን ሳቅ ያዘው፤ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እንዲህ ከሳቀ ስንት ዓመቱ!

በማግስቱ ጠዋት ሸራ ጫማውን ሲያስር ሚስቱ አየችው። የሒሳብ አስተማሪ ናት።

“ዛሬ ደግሞ ማንን ልታሳድድ ነው?”

“ማንንም። እስቲ እንዲያው ልሞክረው ብዬ ነው።”

ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ትንፋሽ አጥሮት በእግሩ ተመለሰ። በወሩ ግን ሆስፒታሉ ደርሶ መልስ ሆነ። በዓመቱ፣ ፀጉር ቤቱን ከመክፈቱ በፊት ከተማውን ዞሮ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ይጨርስ ጀመር። ሰፈሩ “አሳዳጁ” የሚል ስም አወጣለት። ሚስቱ የሚሮጥበትን መንገድ ካርታ ላይ በክር እየለካች የማድ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ ትጽፍለታለች። “በሳምንት ከአሥር በመቶ በላይ አትጨምርም፤ ጉልበትህ መለዋወጫ የለውም” ትለዋለች። እሁድ እሁድ የተቀቀለ ድንች በጨው ይዞ ኮረብታ ለኮረብታ ሲል ይውላል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሰማንያ ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ ብሎ ተመዘገበ።

“ሰማንያ? ዘመድ ልትጠይቅ ነው እንዴ?” አለችው ሚስቱ። ከዚያ ግን እስክሪብቶዋን አነሳች።

ዘዴው ቀላል ነበር። ዳገት ሲመጣ ከመጀመሪያውም በእግር መሄድ፣ ሳይርብ መብላት፣ ያገኙትን ሁሉ ሰላም ማለት። “የመጀመሪያው ግማሽ የቸኳዮች ነው፤ እኔ ሁለተኛው ላይ ነው የምገባው” ይላል።

ውድድሩ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተጀመረ። የሚዘጋው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እስከ ሃምሳኛው ኪሎ ሜትር እያፏጨ ሄደ። ከዚያ አንድ ረጅም ቁልቁለት ጉድ ሠራው። ጣቶቹ አብጠው ከጫማው ጫፍ ጋር ተፋጠጡ። ሃምሳ ሁለተኛው ላይ ሚስቱ ውሃ፣ ካልሲና የትም ሲሄድ የማይለየውን የመቀስና የጨርቅ ቦርሳውን ይዛ ትጠብቀው ነበር። እያነከሰ ደርሶ ተቀመጠ።

“መቀሱን አቀብይኝ።”

“ምን ልትቆርጥ?”

“ጫማውን።”

“አዲሱን ጫማ?!”

በጆሮ ዙሪያ ያለ ፀጉር እንደሚከረክም ሁሉ፣ የሁለቱንም ጫማ አፍንጫ ዙሪያውን ከርክሞ ጣለው። አሥሩ ጣቶቹ ብቅ አሉ። “እፎይ!” አለ፣ እያንቀሳቀሳቸው።

አጠገቡ እግሯን ይዛ የተቀመጠች ወጣት ሯጭ አየችው። “ጋሼ፣ በናትህ ለእኔም!”

የእሷን ሲጨርስ ሌሎች ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ጫማውን፣ አንዱ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ያስቸገረውን ፀጉሩን። “ቀጣይ!” አለ፣ እንደለመደው ጨርቅ እያራገፈ።

“አንተ ሰውዬ!” ሚስቱ ሰዓቷን ዓይኑ ላይ ደቀነችበት። “ውድድር ላይ ነህ ወይስ ፀጉር ቤት? ሃያ አምስት ደቂቃ!”

“ማጅራቱ ብቻ ቀርቶኛል።”

“ተነስ ነው የምልህ! ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር አለህ፣ የቀረህ አምስት ሰዓት ከሩብ። በሰዓት አምስት ተኩል ከሄድክ ትደርሳለህ። ወሬ ካላበዛህ!”

ወሬውን አልተወም። ወጣቷና ሁለቱ ሰዎች አብረውት ወጡና አራት ሆነው ተያያዙት። ወጣቷ “የጣት ማኅበር” ብላ ሰየመቻቸው። ሰባኛው ላይ የመጨረሻው ዳገት ሲመጣ የፀጉር አስተካካዩ ጭን እንደ ድንጋይ ደረቀ። “እናንተ ሂዱ” አላቸው። “ደግሞ ማን ሊሄድልህ!” ብላ ወጣቷ ከኋላ ገፋችው፣ ባለፀጉሩም ክንዱን ያዘው። ተሳስቀው፣ ተሳድበው፣ አናቱ ላይ ወጡ። ከታች ሐይቁ ጀንበር እየጠለቀችበት ቀልቶ ነበር፤ በዳርቻው መጨረሻው ይታያል። የቀረው ቁልቁለት ነው፤ ጣቶቻቸውን ደግሞ አሁን የሚነካቸው ነፋስ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀር አራቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ተማሪዎቿ ፊት ጥርሷ የማይታየው አስተማሪ ሚስቱ እየዘለለች እልልታዋን አቀለጠችው።

ወደ ቤት የሚመልሳቸው አውቶቡስ ላይ ባዶ እግሩን ዘርግቶ፣ ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ እሷ እንዳልነበረች ሁሉ አንድ በአንድ ተረከላት። ሃምሳ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ፣ “ከዚያስ?” አለችው፣ ትከሻው ላይ ተደግፋ።

“ከዚያማ አንዲት ቁጡ ሴት መጣች” አላት።