የዓይናር ልጅ

አያቴ ስም ነበረው። ሰባ ዓመት ሙሉ የደበቁብን የራሳችን ዘመዶች ናቸው፤ ይህን ስጽፍ እንኳን ንዴቱ አለቀቀኝም።

ሰውየው ዴንማርካዊ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ የወፍጮ ሞተር ሊተክል ዳንግላ መጣ፤ ሴት አያቴን አገባና እዚያው ቀረ። አባቴ ገሠሠ ገና በሆድ ሳለ ግን ለሥራ ቆላ ወርዶ ወባ ገደለው። ለእኛ የተረፈን "ዳንስክ" የሚል ስም ብቻ ነው። አባቴ ገሠሠ ዳንስክ ተብሎ ተማረ፣ ነገደ፣ ሸበተ። "ያ ዘሩ የማይታወቀው" ይሉታል፤ እሱ በሌለበትም፣ ባለበትም። ሳይሞት አንድ የአባቱን ወገን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል፤ አንድ ብቻ። ከዚህ ሌላ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም።

እንጅባራ ቁጭ ብዬ፣ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ዴንማርክ ላሉ ሰዎች ስጽፍ ዓመታት አለፉ። መልሳቸው ሁሌ አንድ ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለም። በቀደም ግን አንዲት ደግ ሴት እውነቱን ነገረችኝ። "ዳንስክ" የሰው ስም አይደለም፤ "ዴንማርካዊ" ማለት ነው። ለካ አባቴ ዕድሜ ልኩን "ገሠሠ ፈረንጁ" ሲባል ነው የኖረው!

በማግስቱ በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ። አባቴን ይዤ እትየ ውቢት ቤት ገባሁ። የሴት አያቴ ታናሽ እህት ናቸው፤ ሰውየውን በዓይኑ ያየ ከእሳቸው በቀር በሕይወት የለም።

"እትየ፣ የአያቴ ስም ማን ነበር?"

"ዳንስክ ነዋ።"

"አይደለም። እውነተኛውን ይንገሩኝ።"

እንደ ማፈር አሉና በአውኝኛ ሌላ ወሬ ጀመሩ። አባቴ አቋረጣቸው።

"ይናገሩ እንጂ፣ እትየ።"

"ዓይናር" አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

መጀመሪያ የተሳደቡ መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ። በአገሩ የከበረ ስም ነው፤ በእኛ አፍ ግን ጠዋት ከዓይናችን የምንጠርገው ቆሻሻ ሆነ።

"ታዲያ ልጁ በዚህ ሊጠራ ነው?" አሉ እትየ ውቢት። "ገሠሠ ዓይናር ይባል? የተማሪ መሳቂያ ይሁን? ለእሱ ብለን እኮ ነው።"

ለእሱ ብለው! ስሙን ራሳቸው ደብቀው፣ ሰው "ዘሩ አይታወቅም" ሲለው ደግሞ ራሳቸው ዝም አሉ። ደሜ ፈላ።

"ማንም ያልፈለገው መስሎት እኮ ነው ያረጀው!" ብዬ ጮህኩባቸው።

"መፈለጉንስ ፈልገውት ነበር" አሉ ቀስ ብለው።

አባቴ ቀና አለ።

"ደርግ በወደቀ ማግስት አንዲት ፈረንጅ መጥታ ነበር። የአባቱ እህት ነኝ አለች። በአስተርጓሚ 'የዓይናር ልጅ የት ነው?' እያለች ገበያውን ስትዞር ሰው ሁሉ ሳቀባት። እኔም ዘንድ አመጧት። እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም አልኳት።"

ያን ጊዜ የአባቴ ሱቅ ከገበያው ትንሽ አለፍ ብሎ ነበር። አክስቱ በእግሯ ልትደርስበት ትችል ነበር።

አባቴ እንደ እኔ አልጮኸም።

"መልኳ ምን ይመስላል፣ እትየ?"

"ቁርጥ አንተን" አሉ። "ለዚያ እኮ ነው ሰው ሳያስተውል ቶሎ የሸኘኋት።"

አባቴ ባርኔጣውን አንስቶ ተነሣ። እንዲያ ፊቱ ሲጠቁር አይቼው አላውቅም።

"ስሞት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ 'ገሠሠ ዓይናር አረፈ' ብሎ ይለፍፍ" አለ። "የሚስቅ ካለ ቀብሬ ላይ መጥቶ ይሳቅ።"

"ኧረ በማርያም! በስተርጅና ልታዋርደን ነው?"

"እሱ ካልለፈፈ ጡሩምባውን ቀምቼ እኔ ራሴ እለፍፋለሁ" አልኳቸው፤ በሩንም ሳልዘጋ አባቴን ተከትዬ ወጣሁ።