ሪባን የታሰረባት ጥድ

ካይሪት ከዋና ከተማው ከታሊን መጥታ ከጎኔ ያለውን አሮጌ ጎተራ ከገዛች ወዲህ ጫካችን ነፍስ ዘራ ይሉኛል። ኤድያ! ሠላሳ ዓመት ስቆርጠውም ስተክለውም ነፍስ አልነበረውም ማለት ነው? አሁን በየሳምንቱ ለእሷ የዝምታ ሱባዔ አሥራ ሁለት የከተማ ሰው በረዶውን እየረገጠ ይመጣና ሁለት ቀን ሙሉ ትንፍሽ ሳይል ጫካ ለጫካ ይዞራል። የጫካው መንፈስ እንዲነካው ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይኑን ጨፍኖ በረዶ ላይ የሚሄድ ሰው ቦይ ውስጥ ይገባል፤ እየጎተትኩ የማወጣው ደግሞ እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓርብ ጠዋት ሻይ ሳቀርብላቸው ካይሪት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ጋሽ ኤንዴል፣ ትናንት ምን እንዳገኘን ቢያዩ! መስቀል የተቀረጸባቸው ዛፎች! ለምስጋና እያንዳንዳቸው ላይ ሪባን አሰርንላቸው።»

«ምን ዓይነት ሪባን?»

«ቀይ ነዋ። የፍቅር ቀለም።»

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ቀይ የሚቆረጥ ዛፍ ምልክት ነው! ራይቮ ዛሬ ሥራ ይጀምራል!»

ራይቮ ከሌላ አውራጃ የመጣ የመቁረጫ ማሽን ነጂ ነው። ቀይ ካየ ይጥላል፤ ሥራው ነው። ሌሊቱን የነፈሰው በረዶ ደግሞ ግንዱ ሁሉ ላይ ተለጥፎ መስቀሎቹን ሸፍኗቸዋል።

በእኛ አካባቢ ሬሳ ወደ መቃብር ሲሄድ መንገድ ላይ ይቆምና ዛፍ ላይ መስቀል ይቀረጻል። ሟች ተነሥቶ ወደ ቤቱ ልመለስ ቢል እዚያው እንዲቀር ነው። የባለቤቴን የሌይዳን የቀረጽኩት እኔው ነኝ። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችን ሴት፣ በገዛ ቢላዬ፣ አትምጪብኝ አልኳት። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት በዚያ መንገድ ሳልፍ ቀና ብዬ አይቻት አላውቅም። ፈራኋት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

የማሽኑ ድምፅ ከጫካው ሲመጣ ኩባያዎቹን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ጉልበቴ እንኳን ለሩጫ ለደረጃም አይሆን! «አቁም! አንተ ሰው፣ አቁም!» እያልኩ ስጮህ ዞር ብል አሥራ ሁለቱም በሰልፍ ይከተሉኛል፣ ጭጭ ብለው። የዕለቱ ፕሮግራም መስሏቸው ነው። አንዱ ቀጭን ሰውዬ ጭራሽ ጫማውን አውልቋል።

ስደርስ ለሟቹ አናጢ ለኦስካር የተቀረጸበት ዛፍ ተጋድሟል። የማሽኑ ክንድ ወደ ሌይዳ ጥድ ዞሯል። ምን ላድርግ? ሄጄ ተጠመጠምኩባት። ከኋላዬ ኮሽ ኮሽ የሚል የበረዶ ድምፅ ሰማሁ፤ እነዚያም አንዳንድ ዛፍ መርጠው ተጠምጥመው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አንዷ ታለቅሳለች።

ራይቮ በመስኮቱ ብቅ አለ። «ጋሼ! እርስዎም ከእነዚህ ጋር ገቡ እንዴ?»

«አጥፋው!»

«ሪባን አለው እኮ!»

«ሚስቴ ናት፣ አንተ ደንቆሮ!»

ማሽኑ ጠፋ። በረዶውን በጥፍሬ ፋቅኩት። መስቀሉ ብቅ አለ፤ ትንሽ፣ ጠማማ። ዛፏ ሙጫዋን አፍስሳ ዳር ዳሩን ዘግታዋለች፤ ቁስሉ ሊድን ምንም አልቀረውም። ራይቮ ቆቡን አወለቀና ከማሽኑ ወረደ።

ካይሪት በጣቷ ጫፍ እየተራመደች መጣች። «ጋሽ ኤንዴል፣» አለች በሹክሹክታ፣ «ዝምታው ምን ነገረዎት?»

«ዝምታ ቤቴ ሞልቶልኛል፣ ልጄ። ከፈለግሽ ውሰጂው።»

ግንባሬን ቅርፊቱ ላይ ደገፍኩ። «ሌይዳ፣ መንገዱ ካልጠፋሽ ነይ። በር አልቆልፍም። ናፍቀሽኛል።»

የሰማችኝ አልመሰለኝም። እነዚያ ሁሉ እያዩኝ ጮክ ብዬ ደገምኩላት።