የሟች ስም

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና በአባትየው እንጀምር። ኦባዳያ ታክስተር ከእንግሊዝ አገር በመርከብ ውቅያኖስ ተሻግሮ እዚህ ወንዝ ዳር ሲሰፍር፣ ከአንድ መጥረቢያና ከአንድ መጽሐፍ ቅዱስ ሌላ የያዘው አልነበረም። በመጥረቢያው ዛፍ ጣለ፤ መሬቱ የእኛ ነው የሚል ሰው ሲመጣበት ሰውም ጣለ። መጽሐፉን ደግሞ ማታ ማታ ያነብ ነበር። በልጆች ግን አልቀናውም። የበኩር ልጁን ጄቤዝ አለው፤ ክረምቱን አልጨረሰም። ሁለተኛውንም ጄቤዝ አለው፤ ፈንጣጣ ወሰደው። ሦስተኛው ጄቤዝ ተረፈ። እኛ ዘንድ ወጉ እንዲህ ነው፤ ልጅ ሲሞት ስሙ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ልብሱን እንደምናወርሰው ስሙንም እናወርሰዋለን።

ይሄ ሦስተኛው ጄቤዝ አድጎ ዶርካስን አገባ፤ በግብሩም ቁርጥ አባቱን ሆነ። አንድ ቀን ከአገሩ ነባር ሰዎች ከዋባናኪዎች አንድ ሽማግሌ መጥቶ፣ «አሳማዎችህ በቆሎዬን ጨረሱት» ቢለው፣ «ታዲያ ለአሳማዎቹ ንገራቸዋ፤ እኔ አልበላሁ» ብሎ ሳቀበት። ሽማግሌው አልሄድም ሲል በመጥረቢያው ደንደስ አናቱን አለው። ሽማግሌው እዚያው አጥሩ ሥር ሞተ። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አንድም ሰው ግን ትንፍሽ አላለም። ዝምታችን ምን እንደሚያስከፍለን አላሰብንበትም።

በዓመቱ፣ በቆሎ በሚሸለቀቅበት ወቅት ዋባናኪዎቹ መጡ። ዶርካስ ያኔ ሆዷ ገፍቶ ነበር። የመጀመሪያ ልጇ ቲርዛ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ጋር ደጅ ተቀምጣ ትሸለቅቃለች። ጎረቤታቸው ሳይላስ «ግቡ!» ብሎ ሲጮህ ሰሙት፤ ሁለተኛ ለመጮህ ግን አልታደለም፤ እነሱው ቤት በር ደፍ ላይ በመጥረቢያ ተፈለጠ። ዶርካስ ልጇን እጇን ይዛ ሮጠች። ቤቱ ከኋላቸው ይነዳል። አንድ ሰው ደረሰባቸውና ልጅቱን በሌላ እጇ ጎተታት። እናት አልለቅም አለች። ሰውየው በቆመጥ አንጓዋን መታት፤ አልለቀቀችም። ደግሞ መታት፤ አጥንቱ ሲሰበር ጣቶቿ በራሳቸው ተከፈቱ። የቲርዛ ጩኸት ከጫካው ውስጥ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ጄቤዝ ከወፍጮ ሲመለስ ያገኘው አመድ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ዶርካስ ሴት ልጅ ወለደች።

«ስሟ ቲርዛ ነው» አለ ጄቤዝ።

«ለምን? የልጄን ሬሳ አይተሃል?»

«አመዱ ውስጥ አጥንት አይቻለሁ።»

«የሳይላስ አጥንት ነው! እኔ ልጄን አልቀበርኩም፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም አይወረስም።»

«እኔ የሁለት ወንድሞቼን ስም ተሸክሜ ምን ሆንኩ?»

«እሱንማ እኔን ባትጠይቀኝ ይሻልሃል» አለች ዶርካስ። «ኢዮብ እንኳ ልጆቹ አልቀውበት ሌላ ሲወልድ አዲስ ስም ነው ያወጣላቸው። አንተ ከኢዮብ ትበልጣለህ?»

ጄቤዝ ከኢዮብ እንደሚበልጥ አልተናገረም፤ እንደማይበልጥም አላመነም። ልጅቱ ቲርዛ ተባለች። ዶርካስ አልሰሜን ግባ በለው ብላ ተወችው፤ ስሙን ግን አፏ እሺ አላላትም። «አንቺ» ነበር የምትላት።

ከዚያ በኋላ ሰፈርተኛው በሙሉ በወፍራም ግንድ በታጠረው ምሽግ ቤት ውስጥ ተጠጋግቶ ኖረ። ዶርካስ ጆሮዋ ከጫካው አልተነቀለም። ጉጉት በጮኸ ቁጥር «እሷ ናት» እያለች የበሩን መወርወሪያ ትከፍታለች። አንድ መከር ላይ እንዲህ ከፍታ ስትሮጥ ሊመልሳት የተከተላት ኢኖክ የሚባል ጎረምሳ አንገቱን በቀስት ተወግቶ ሞተ። ቀስቱ በጉሮሮው ስለገባ ለመጮህ እንኳ አልቻለም፤ በእግሩ መሬቱን እየፋቀ እፊቷ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የሳይላስ መበለት ሪሊፍ ባገኘቻት ቁጥር፣ «የአንቺ ጆሮ ሰው ይበላል፣ እቴ» ትላታለች። ዶርካስም አመነች። ድምፅ ስትሰማ ጥርሷን ነክሳ መቀመጥን ለመደች። ተስፋዋን ግን አልገደለችውም፤ አፏን ብቻ ነው የዘጋችው።

ልጅቷ ከተወሰደች ሰባት ዓመት ሆኗል። አንድ ጠዋት ወፍራም ጭጋግ ከወንዙ ተነሥቶ ምሽጉን ሸፈነው። ጄቤዝ በመተኮሻው ቀዳዳ ጠመንጃውን አሹልኮ ዘብ ቆሟል። ዶርካስ እጓሮው በኩል በብረት ድስት ሳሙና ታማስላለች፤ ትንሿ ልጅ ደግሞ አጠገቧ የበቆሎ ገንፎ ትበላለች።

«ቁም! ማነህ?» ሲል ሰማችው ባሏን።

ከጭጋጉ ውስጥ የሴት ድምፅ መለሰ። አነጋገሯ የተሰባበረ ነው፤ ቃሉን እየፈለገች ታገኘዋለች።

«ቲርዛ! ቲርዛ ነኝ! የጄቤዝ ልጅ!»

ጄቤዝ ሳቀ። «ሰማሽ ሪሊፍ? ቲርዛ ነኝ አለችሽ!»

«ኧረ ቲርዛስ እዚህ ገንፎዋን እየላፈች ነው!» አለች ሪሊፍ።

«ጠዋት ማታ ‹ቲርዛ ነይ፣ ቲርዛ ግቢ› ስንል ከዱር ሆነው ሲሰሙን ከረሙ። ስሟን አጥንተው መጡ። በር ሊያስከፍቱን ነው» አለ ጄቤዝ።

ዶርካስ ስሙን ሰምታ ምን አደረገች? ይሄን ስታስበው ኋላ ጣቷን ትነክሳለች፤ መጀመሪያ ዞር ብላ ያየችው ትንሿን ነው። ልጅቷ አለች፤ አፏ በገንፎ ተለውሷል። እንግዲህ ያቺኛዋ ውሸታም ናት አለች በልቧ፤ ልክ እንደ ሪሊፍ፣ ልክ እንደ ጄቤዝ። ማማሰያውንም አላስቀመጠችም።

ድምፁ ደገመ። አሁን ቀርቧል።

«እናቴ አለች? እናቴ! ሆድሽ ውስጥ የነበረው ተወለደ? ወንድ ነው ሴት?»

ዶርካስ ማማሰያውን ጥላ ሮጠች። «ጄቤዝ! እንዳትተኩስ! እሷ ናት!»

«ደግሞ ጀመረሽ?» አለ ሳይዞር።

«እርጉዝ እንደነበርኩ ማን ነገራቸው? እንዴት ያውቃሉ? ጄቤዝ!»

ክንዱ ላይ ተጠመጠመች። በክርኑ አፏን አላት፤ ጥርሷ ከደሟ ጋር ወለሉ ላይ ወደቀ። ቃታውን ሳበ። ውጭ አንድ ሰው ሆዱን ሲመቱት የሚያወጣው ዓይነት አጭር ድምፅ ተሰማ።

ወዲያው ከጫካው የመልስ ተኩስ ተከፈተ። አንዱ ጥይት በቀዳዳው ገብቶ የጄቤዝን ትከሻ ፈለጠው። ጄቤዝ ግድግዳውን ተደግፎ እየተንሸራተተ ቁጭ አለ። ዶርካስ መወርወሪያውን ስታነሣ ሪሊፍ በፀጉሯ ያዘቻት። «ሌላ ኢኖክ ልታስገድይ ነው?» ዶርካስ እጇን አጥንቷ ድረስ ነከሰቻትና ወጣች።

ጥይቱ ከሁለቱም ወገን በላይዋ ያልፋል። ልጅቱ የበቆሎው እርሻ ጫፍ ላይ በጀርባዋ ወድቃለች። የአጋዘን ቆዳ ለብሳለች። በእንጨት ላይ ያሰረችው ነጭ ጨርቅ ከጎኗ ነው፤ በዚያ ጭጋግ ማን ያየዋል? አንዲት ዋባናኪ ባልቴት የልጅቱን ራስ አቅፋ የቆሰለ ሆዷን በመዳፏ ትጫናለች፤ ደሙ በጣቶቿ መሀል ይፈልቃል። ባልቴቷ ዶርካስን ቀና ብላ አየቻትና ምንም ሳትል ቦታ ለቀቀችላት። ዶርካስ የልጅቱን ፊት አየች። ትልቅ ሴት ሆናለች። ልጇ ናት።

«ወንድ ነው ሴት?» አለች ቲርዛ።

«ሴት ናት፣ የኔ እናት።»

«ስሟስ?»

እኛ ዘንድ የሐሰት ቃል ያስገርፋል። ዶርካስ እስከዚያ ቀን ድረስ ዋሽታ አታውቅም።

«ስም የላትም። አንቺ መጥተሽ ታወጪላታለሽ ብለን ስንጠብቅ ነው የቆየነው።»

«እስካሁን?» ልትስቅ ስትል ደም አነቃት። «ታዲያ ምን እያላችሁ ነው የምትጠሯት?»

«‹አንቺ› ነው የምላት።»

ቲርዛ አሰበች። ፊቷ ላይ ያለው ትካዜ የቁም ነገር ነበር፤ ስም ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለምና።

«ኤስተር በያት» አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ተኩሱ መቼ እንዳቆመ ዶርካስ አላወቀችም። ባልቴቷ እግሯን፣ እሷ ትከሻዋን ይዘው እስከ በሩ አደረሷት። ባልቴቷ ከበሩ አላለፈችም፤ የልጅቱን ግንባር በእጇ ዳብሳ ወደ ጭጋጉ ተመለሰች። ዶርካስ ብቻዋን ጎትታ አስገባቻትና ጄቤዝ እግር ሥር አስተኛቻት። ጄቤዝ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ትከሻው እንደተፈለጠ የረሳ ይመስል ነበር። ሪሊፍ የተነከሰ እጇን ጨብጣ ጥግ ቆማለች።

«ኤስተር፣ ነይ» አለች ዶርካስ።

ትንሿ ልጅ ኋላዋን ዞራ አየች። «ማን? እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ።»

«እኔ ቲርዛ ነኝ።»

«አይደለሽም። ቲርዛ ይቺ ናት። እህትሽ ናት፤ ስም ያወጣችልሽ እሷ ናት፤ የገደላት ደግሞ አባትሽ ነው። ኤስተር፣ ውሃ አምጪልኝና እንጠባት።»

ልጅቷ አባቷን አየች። አባቷ «አይደለም» እንዲል ጠበቀች። ዝም አለ። ስለዚህ ሄዳ ውሃውን አመጣች፤ ቁጭ ብላም የሟቿን እግር ያዘች።

ጄቤዝ «ቲርዛ» ብሎ ተጣራ።

ማንም አቤት አላለውም።