የወልደሥላሴ ማርሚታ

«ውጣ ከዚያ!» አለች ጽጌ።

ከአባታቸው ቀይ መኪና ሥር የሚታዩት የወንድሟ የዕዝራ እግሮች ብቻ ነበሩ። ብረት ከብረት ጋር ተጋጨ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ሹክሹክታቸውን አቋረጡ።

«ዕዝራ፣ የአባዬ ሣልስት እንኳን አልወጣም። ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ብሎ ጨርሷል» አለ ከሥር። «እድርተኞቹ ሁለተኛ ድንኳን የምንተክልበት ቦታ የለም፣ መኪናው ይውጣልን ብለዋል። በዚህ ማርሚታ ኀዘን ቤት ውስጥ ላስጓራው? ከሶማሌ ተራ ድምፅ የሌለው ጭስ ማውጫ ገዝቻለሁ። ልግጠምለትና እንደ ሰው መኪና ይውጣ።»

«አባዬ በእጁ የገጠመውን አትነካም።»

«አባዬ!» ዕዝራ ሳቀ። ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ሂጂ ግቢ። መኪናውን ያነሳሁበትን ክሪክ ብቻ እንዳትነኪብኝ።»

ጽጌ ተመልሳ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠች። የሰፈሩ ግማሽ ሲፈርስ ወደየዳር የተበተኑ የድሮ ጎረቤቶች ዛሬ ተሰብስበዋል።

«ወልዴ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እኮ ነው የጎረመሰው» አለች አንዷ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

«ያንን መኪና ባስነሳ ቁጥር ልጄ እየጮኸ ነበር የሚነቃው።»

«ገነት በር ላይም እንዲያ እያስጓራ ከደረሰ፣ ጴጥሮስ ቁልፉን ጥሎ ነው የሚሸሽ።»

ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ጽጌ ቀና ብላ አፈጠጠችባቸው። አንዷ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። አንድ ቃል ብትናገር ሁሉም ያፍሩ ነበር። ግን ምላለች።

አባቷ ወልደሥላሴ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶብስ ነድቷል። ጡረታ ሲወጣ ዝገት የበላው ባለሁለት በር ስፖርት መኪና ገዝቶ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ጠጋግኖ አስነሳው። አንድ ቀን ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጡ፣ ሞተሩ እየተጨነቀ እሱ ማርሽ አልቀይር አለ። «አባዬ፣ ማርሽ!» አለችው ከጎኑ ሆና። ደገመችለት። በመጨረሻ ትከሻውን ስትነካው ዞር አለ፤ ፊቱን ስታይ ገባት። ጆሮው ሄዷል።

ብዙም ሳይቆይ ድምፅ የሚውጠውን የማርሚታ ሆድ አስቆርጦ፣ በምትኩ ባዶ ቧንቧ አስበየደ። ካርቶን አንጥፎ ከመኪናው ሥር ገባና ራሱ ገጠመው። ሲያስነሳው የጎረቤት መስኮት ተንቀጠቀጠ። እሱ ግን መሪውን ይዞ እንደ ልጅ ፈገግ አለ።

«አሁን ሰማሁት» አላት። «ማርሹን መቼ እንደምቀይር አወቅኩ።»

ከዚያ አስማላት። «ለማንም እንዳትነግሪ። ለዕዝራም ቢሆን። እኔ የሰፈሩ ሽማግሌ ነኝ። ስንት ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ። አይሰማም ነበር ከተባለ፣ ያ ሁሉ እርቅ መሳቂያ ይሆናል።»

ከውጭ ከባድ ብረት ሲወድቅ ተሰማ። ጽጌ ብድግ ብላ ወጣች። አሮጌው ቧንቧ ተፈትቶ መሬት ላይ ተጥሏል።

«ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የጠላኸው?»

ዕዝራ ከሥር ወጥቶ ተቀመጠ። «ምን አድርጎህ ነው ትይኛለሽ? ልጄ የሞተ ቀን ከአዋሳ ደወልኩለት። እያለቀስኩ ነገርኩት። ‹እሺ ልጄ፣ በርታ፣ ደህና ዋል› ብሎ ዘጋው። ደግሜ ደወልኩ። ‹እሺ ልጄ፣ እሺ።› ዘጋው! ከዚያ ወዲህ ደውዬለት አላውቅም።»

ጽጌ ወደ ድንኳኑ ዞር ብላ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አይሰማም ነበር።»

«ማን?»

«አባዬ። ፊት ለፊት ሲሆን ከንፈር እያየ ይግባባ ነበር። ስልክ ላይ የማንን ከንፈር ያያል? ያነሳ የነበረው ያንተን ስም ስለሚያይ ነው።»

ዕዝራ ቀስ ብሎ ተነሳ። «አንቺ ታውቂ ነበር።»

«አስምሎኝ...»

«ታውቂ ነበር! ይህን ሁሉ ዓመት ስጠላው ቁጭ ብለሽ አየሽኝ!» የያዘውን የብሎን መፍቻ ወረወረው። አጥሩን መትቶ ወደቀ።

ጎረቤታቸው ጋሽ ፈቀደ ከድንኳኑ ብቅ አሉ። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች አንገታቸውን አስግገዋል።

«ምንድን ነው ይህ ጉድ? አታፍሩም? ያ ሰው እኮ በዚህ ግቢ ስንት ጠብ አብርዷል! እኔና ባለቤቴ ዛሬ አንድ ጣሪያ ሥር የምናድረው በማን ሆነና! ግማሽ ቀን ስለፈልፍበት አንዴ እንኳን አላቋረጠኝም። እንደ ወልዴ የሚያዳምጥ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ጽጌ ወደ ወንድሟ ዞረች። ምስጢሩ አሁን የተናደደ ሰው አፍ ውስጥ ነው። ዕዝራ ሽማግሌውን አየ፤ ሴቶቹን አየ። መንጋጋው ተንቀሳቀሰ።

«አዎ» አለ በመጨረሻ፣ እንደሚሳደብ ሰው። «ያዳምጥ ነበር። አሁን ይግቡ፣ ጋሽ ፈቀደ።»

ጋሽ ፈቀደ እያጉረመረሙ ገቡ። ዕዝራ እህቱን አላያትም። አዲሱን ማርሚታ በእግሩ ወደ ጎን ገፋና ተመልሶ ከመኪናው ሥር ገባ።

«አሮጌውን አቀብዪኝ» አለ።

ገፋ አድርጋ አቀበለችው። ብረቱን ሲቀበል ሰማች፤ ሲገጥም ግን አልሰማችም። ጠበቀች። ከመኪናው ሥር የወጡት እግሮቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

ጽጌ መሬቱ ላይ ቁጭ አለችና እጇን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሳረፈች። እግሩን አልሰበሰበም።